ከሞተርሆም ወደ ፊፍዝ ዊል ለምትቀይሩ፦ ከቤቱ በፊት ጎታቹን

እኛ ሰፈር፣ ጅማ ሄርማታ አካባቢ፣ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ከዘመዶቹ መሀል ደግሞ የጭነት መኪና የሚነዳው ብዙ ነው። አንዳንዱ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ሞተርሆም ይገዛል። ሞተሩ፣ ጋቢናው፣ አልጋው፣ ማብሰያው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ በአንድ ሻሲ ላይ ያለ ቤት ነው። ትንሽ ከተጓዘበት በኋላ ይደውላል። «ጋሼ፣ ወደ ፊፍዝ ዊል ልቀይር ነው፤ ምን ትለኛለህ?»

እዚያ በነበርኩበት ጊዜ ሁለቱንም ይዤ ስለማውቅ ጥያቄው ወደኔ ይመጣል። በሚቆራረጥ ስልክ ከምለፈልፍ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ፊፍዝ ዊል በፒካፕ የሚጎተት ተሳቢ ቤት ነው፤ አያያዙ ለጅማ ሹፌር እንግዳ ነገር አይደለም። ቡና ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት ትልልቅ ተሳቢዎች የሚያያዙበት ዘዴ ነው። ከተሳቢው አፍንጫ ሥር ወደ ታች የወጣ ወፍራም ብረት አለ፤ ኪንግፒን ይባላል። በጎታቹ ጀርባ ላይ ደግሞ በአንድ በኩል የተከፈተ ወፍራም ሳህን አለ። ብረቱ ሳህኑ ውስጥ ይገባል፣ መንጋጋው ይቆልፈዋል። በአሜሪካው ተሳቢ ቤት ግን ጎታቹ ፒካፕ ነው። ሳህኑ የሚገጠመው በፒካፑ የዕቃ መጫኛ ላይ፣ ከኋላ አክሱ አናት ወይም ከሱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ወደ ፊት ነው። ስለዚህ የቤቱ የፊት ክብደት በሙሉ የሚያርፈው ፒካፑ ጀርባ ላይ ነው።

የጣጣው ሁሉ ምንጭ ይቺ ነገር ናት። አብዛኛው ሰው ቤቱን አይቶ ይወዳል፣ ይፈርማል፣ ከዚያ የሚጎትት መኪና ፍለጋ ይወጣል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጎታቹን፣ ቀጥሎ ቤቱን ነው የምለው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ወይ ሁለት ጊዜ መኪና ትገዛላችሁ፣ ወይ ከአቅሙ በላይ የተጫነ መኪና እየነዳችሁ ትኖራላችሁ።

1. መጀመሪያ መቀየሩ ይጠቅማችሁ እንደሆነ እዩ

በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ ሞተርሆማችሁን አትንኩ። ዝናብ እየዘነበ ትቆማላችሁ፣ ከመሪው ተነስታችሁ ወደ አልጋ ትሄዳላችሁ፣ እግራችሁ ጭቃ አይነካም። በፊፍዝ ዊል እንዲህ ዓይነት ነገር የለም። መውረድ፣ ማስተካከል፣ ማገናኘት አለ። ይህ ኑሮ የሚመቻችሁ ሆኖ ሳለ ጎረቤት ስለገዛ ብቻ መቀየር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አንድ ቦታ ሳምንት፣ ወር የምትቆዩ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቤቱን ታቆሙታላችሁ፣ ፒካፑን ፈትታችሁ ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትሄዳላችሁ። በሞተርሆም አንድ ሽንኩርት ለመግዛት ቤቱን በሙሉ ይዞ መውጣት ነው። ለዚህ ብለው ከኋላ ትንሽ መኪና የሚጎትቱ አሉ፤ ያኔ ሁለት ሞተር ማስጠገን ነው። ሌላም አለ። የሞተርሆም ሞተር ሲበላሽ ቤታችሁም አብሮ ጋራዥ ይገባል። እናንተ ሆቴል ታድራላችሁ። የፒካፕ ሞተር ሲበላሽ ጋራዥ የሚገባው ፒካፑ ብቻ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት የቤት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ በጉዞ ላይ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው ፒካፑ ውስጥ ነው። ተሳቢው ውስጥ ሰው መጫን የሚፈቅዱ ስቴቶች ቢኖሩም የደህንነት ቀበቶ የሌለበት ቤት ውስጥ ልጅ አስቀምጦ መንዳት አይታየኝም። አምስት ልጅ ያለው ሰው ወንበር ቆጥሮ ይግዛ። ሁለተኛ፣ የአብዛኛው ፊፍዝ ዊል መኝታ ቤት ፒካፑ ላይ በሚንጠለጠለው ክፍል ነው። ወደዚያ የሚወጣው በደረጃ ነው። እናታችሁ ከጅማ ሊጠይቋችሁ ከመጡና ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ያቺ ደረጃ ሌሊት ሌሊት ትፈትናቸዋለች። ከታች የሚዘረጋ ሶፋ ያለበትን ምረጡ።

2. ጎታቹን በቁጥር ምረጡ

የፒካፕ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጎተት አቅም ነው። «ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ይጎትታል!» ሻጩም የሚያወራው ያንን ነው። ለፊፍዝ ዊል ይህ ቁጥር ብቻውን ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ነው። ቀድሞ የሚያልቀው የመሸከም አቅም ነው፤ እነሱ ፔይሎድ ይሉታል። መኪናው በጀርባውና በውስጡ የሚሸከመው ጠቅላላ ክብደት ማለት ነው። ሰው፣ ነዳጅ ያልሆነ ዕቃ ሁሉ፣ ማጋጠሚያው ሳህን፣ ከላይ የሚያርፈው የቤቱ አፍንጫ፣ ሁሉም ከዚህ ላይ ይቀነሳል።

ቁጥሩን ከሻጭ አፍ አትቀበሉ። የሹፌሩን በር ክፈቱ፤ የበሩ መዝጊያ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የሰውና የዕቃ ድምር ከዚህ አይብለጥ የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። የሚጻፈው ለእያንዳንዱ መኪና ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፒካፖች፣ አንዱ ባለ ቆዳ ወንበርና ባለ ናፍጣ ሞተር ስለሆነ ብቻ፣ ቁጥራቸው በብዙ ሊለያይ ይችላል። የናፍጣ ሞተር ከባድ ነው፤ ጉልበት ይጨምራል፣ ከመሸከም አቅም ላይ ግን ይቀንሳል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይመስለዋል።

አሁን እናስላ። የፊፍዝ ዊል አፍንጫ ክብደት በአብዛኛው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ ነው። ለሒሳብ 20 በመቶ ያዙ። ቤቱ ሲሞላ እስከ 14,000 ፓውንድ የሚፈቀድለት ነው እንበል፤ ወደ 6,350 ኪሎ። 20 በመቶው 2,800 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 1,270 ኪሎ ይሆናል። ይህ በ60 ኪሎ ጆንያ ሲቆጠር 21 ጆንያ ቡና ፒካፑ ላይ እንደጫናችሁ ነው። ገና ሰው አልገባም። ማጋጠሚያው ራሱ 200 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና ትንሽ መፍቻ 700 ፓውንድ በሉት። ድምሩ 3,700 ፓውንድ፣ 1,680 ኪሎ ገደማ ነው።

አሁን ወደ በሩ ወረቀት ተመለሱ። እንደ ፎርድ ኤፍ 150 እና ራም 1500 ያሉ ቀላል ፒካፖች ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,000 ፓውንድ አካባቢ ነው የሚሉት። ከሚያስፈልገው ግማሹ ገደማ ብቻ ነው። በመካከል ያሉት፣ ኤፍ 250 እና ራም 2500፣ በተለይ ናፍጣ ሲሆኑ ለዚህ ቤት ብዙ ጊዜ ያንሳሉ። ኤፍ 350 እና ራም 3500 ላይ ስትደርሱ ነው ትንፋሽ የምታገኙት። ቤቱ ከዚህ ከከበደ ደግሞ ከኋላ ድርብ ጎማ ያለው ይፈለጋል። ድርብ ጎማ ለከተማ ማቆሚያ ያስቸግራል፣ ጎማው ስድስት ስለሆነ ኪስም ይጎዳል። በነፋስና በቁልቁለት ግን ልዩነቱ ወንበር ላይ ይሰማል።

የዕቃ መጫኛውንም ርዝመት እዩ። 8 ጫማው፣ 2.4 ሜትር የሚሆነው፣ ለፊፍዝ ዊል የተመቸ ነው። 6 ጫማ ተኩሉ ላይ ጠባብ ቦታ ስትጠመዘዙ የቤቱ ጥግ ከጋቢናው የኋላ መስታወት ጋር ሊገናኝ ይችላል። አጭሩ ካላችሁ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ማጋጠሚያ ግዙ። ከዚያ ያጠረውን ለቤተሰብ መኪናነት ተዉት።

3. ቤቱን ስትመርጡ

ሻጩ «ባዶ ክብደቱ ይህን ያህል ብቻ ነው» ይላችኋል። ባዶ ቤት ውስጥ ማን ይኖራል? ውሃ፣ ጋዝ፣ ባትሪ፣ ድስት፣ ብርድ ልብስ የሌለበት ክብደት ነው። የምታሰሉት በተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ነው። 60 ጋሎን የንጹህ ውሃ ታንከር ሲሞላ ብቻውን ወደ 227 ኪሎ ይጨምራል።

የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ስለ ጣሪያ አይመከርም፤ የተሳቢ ቤት ገዳይም ውሃ ነው። ያገለገለ ከሆነ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ በየመጋጠሚያው ያለውን ማሸጊያ እዩ። ውስጥ ገብታችሁ ጥጎቹን በአውራ ጣት ጫን በሉ። ከሰጠመ ወይም ለስለስ ካለ ዋጋ አትከራከሩ፣ ውጡ። የሻጋታ ሽታ ካለም እንደዚሁ። ግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣ ክፍል ካለው ሁሉንም አስወጥታችሁ አስገቡት።

ጎማውን አትርሱ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የተሳቢ ጎማ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ነው የሚያልቀው። አምስት ስድስት ዓመት ካለፈው፣ ቢያብረቀርቅም፣ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስላችሁ።

ኤሌክትሪኩ ላይ የእኛ ሰው ልዩ ጉዳይ አለው፤ እንጀራ። የ30 አምፒር ቤት የሚሰጣችሁ ቢበዛ 3,600 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። የአየር ማቀዝቀዣው ያን ያህል፣ የውሃ ማሞቂያውም ያን ያህል። ሦስቱ አንድ ላይ ከሠሩ ምጣዱ ላይ ዓይን ያላወጣ እንጀራ እያለ መብራቱ ጥፍት ይላል። የ50 አምፒሩ ቤት እስከ 12,000 ዋት ይሰጣል። ቤት ውስጥ የሚጋገር ከሆነ ያለምንም ክርክር 50 አምፒር።

4. ሞተርሆሙን መሸጥና ወረቀቱ

ፒካፑ እጃችሁ ሳይገባ ሞተርሆሙን አትሽጡ። ታንከሮቹን ባዶ አድርጉ፣ አጽዱት፣ የጥገና ደረሰኝ አሰባስቡ። የባንክ ዕዳ ካለበት የባለቤትነት ወረቀቱ ነጻ እስኪሆን ገዢውን አታጓጉ።

ኢንሹራንሱ ይለያል። የፒካፑ ኢንሹራንስ ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ይሸፍናል፤ ቤቱ ራሱ ሲጎዳ ግን የራሱ ውል ያስፈልገዋል። ውስጡ ዓመቱን ሙሉ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ በግልጽ ንገሯቸው።

መንጃ ፈቃድ በስቴት ይለያያል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከ10,000 ፓውንድ በላይ እስከ 15,000 ለሆነ ፊፍዝ ዊል ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ15,000 በላይ ከሆነ ንግድ ነክ ያልሆነ ክፍል ኤ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። የትልቅ መኪና ክፍል ኤ ፈቃድ ያላችሁ ይቺን አንቀጽ እለፏት።

5. ማጋጠሚያውን ማስገጠም

ይህን ለባለሙያ ስጡ። ሻሲ ላይ የሚታሰር ነገር ነው፤ በዘመድ ብየዳ አይሠራም። ከፋብሪካ የማጋጠሚያ ማረፊያ ቀዳዳ ያላቸው ፒካፖች አሉ፤ እነሱ ላይ ሥራው ይቀላል።

ሲገጠም ሁለት ነገር አስለኩ። ቤቱ ከተያያዘ በኋላ በፒካፑ የጎን ስፖንዳና በቤቱ ሆድ መካከል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። መንገዱ ሲያጎድጉድ ተሳቢው ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ስፖንዳውን ይጨፈልቀዋል። ሁለተኛው፣ ቤቱ ከጎን ሲታይ ለጥ ያለ መሆን አለበት። አፍንጫውን ከሰቀለ ክብደቱ ወደ ኋላ አክስ ይሄድና ጎማ ይበላል።

ጋቢና ውስጥ ደግሞ የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ይኑር። አዳዲሶቹ ትልልቅ ፒካፖች ብዙዎቹ አብሯቸው ይመጣል። ጅማ የምናውቃቸው ተሳቢዎች ፍሬናቸው በአየር ነው የሚሠራው፤ የእነዚህ በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ መቆጣጠሪያው ለተሳቢው ጎማዎች ኃይል ይልካል። ምን ያህል እንደሚልክ የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ።

6. ማያያዝ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም አያናግራችሁ። ስልክ ኪስ ይግባ። በመሀል ሰው ሰላም ካላችሁ፣ ሰላምታውን መልሱና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ለተሳቢው ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። የፒካፑን የኋላ ስፖንዳ አውርዱ። የሳህኑን መቆለፊያ ክፈቱ፤ እጀታው ወጥቶ መቆሙን በዓይናችሁ እዩ።

ቀጥሎ ከፍታ። የተሳቢውን የፊት እግሮች ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ፣ በኪንግፒኑ ዙሪያ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከፒካፑ ሳህን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አድርጉ። ፒካፑ ወደ ኋላ ሲገባ ሳህኑ ብረቱን ነክቶ ቤቱን በትንሹ ማንሳት አለበት። ሳይነካው ሥሩ ከገባ ቤቱ ከሚገባው በላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። ይህ ስህተት በጣም አደገኛው ነው። ኪንግፒኑ መንጋጋው ውስጥ ሳይገባ ጫፉ ላይ ይቀመጣል። ከውጭ ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል። እግሮቹን ታነሳላችሁ፣ ትንቀሳቀሳላችሁ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ክብደቱ ስፖንዳው ላይ ቁጭ ይላል።

ቀጥ ብላችሁ፣ በዝግታ፣ ወደ ኋላ ግቡ። «ጠቅ» የሚል የብረት ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁን አትመኑት። ውረዱና በባትሪ አብርታችሁ ሁለት ቦታ እዩ። አንደኛ፣ በሁለቱ ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት መኖር የለበትም። ሁለተኛ፣ መንጋጋው በኪንግፒኑ አንገት ዙሪያ ተዘግቶ መታየት አለበት። ከዚያ የእጀታውን መቆለፊያ ሽቦ አስገቡ።

ቀጥሎ ባለ ሰባት እግር የመብራት ገመዱን ሰኩ። ጎኑ ቀጭን የብረት ገመድ አለ። ተሳቢው በጉዞ ላይ ቢላቀቅ ያ ገመድ ይመዘዝና የተሳቢው ባትሪ ፍሬኑን በራሱ ይይዛል። ገመዱን ፒካፑ ላይ እሰሩት። ማጋጠሚያው እጀታ ላይ የሚጠመጥሙት ሰዎች አሉ፤ እጀታውን ራሱ ሊከፍተው ስለሚችል ነገሩ ከንቱ ይሆናል።

አሁን የመጎተት ሙከራ። የፊት እግሮቹን ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ አንሱ። ታኮው እንዳለ ይሁን። ጋቢና ገብታችሁ የተሳቢውን ፍሬን በእጅ ያዙት፣ ማርሽ አስገብታችሁ ፒካፑን በቀስታ ወደ ፊት አስሞክሩት። ከያዘ ይዟል። ካልያዘ ቤቱ የሚወርደው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እግሮቹ ይቀበሉታል። ይህን ሙከራ የሚዘል ሰው አጠገብ ቁሙና ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ።

ከያዘ በኋላ እግሮቹን ሙሉ በሙሉ አንሱ፣ ስፖንዳውን ዝጉ፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት በረዳት አስመልክቱ፣ ታኮውን ሰብስቡ። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዙሩት። ያልተዘጋ መስኮት፣ ያልታጠፈ ደረጃ፣ ያልተነቀለ የውሃ ቱቦ የሚገኘው በዚያ ዙር ነው።

7. መንዳት

ሞተርሆም ስታጠፉ የሚያስቸግረው ጭራው ነበር፤ ከኋላ ጎማ አልፎ የወጣው አካል ወደ ውጭ ይወረወራል። ፊፍዝ ዊል ላይ ዋናው ችግር ውስጡ ነው። የተሳቢው ጎማዎች ጥጉን ይቆርጣሉ። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ፒካፑን ከለመዳችሁት በላይ ወደ መስቀለኛ መንገዱ አስገብታችሁ ከዚያ አጥፉ፤ ቀኙን ስፖኪዮ አትልቀቁ። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ የመብራት እንጨት፣ የነዳጅ ማደያ ምሰሶ፣ ሁሉም ከውስጥ በኩል ነው የሚጠብቃችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ስትሄዱ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ። እጃችሁን ከመሪው ታች አስቀምጡ። እጃችሁ ወደ ቀኝ ከሄደ የተሳቢው ጭራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መሪውን በጥቂቱ አዙሩ፣ ጠብቁ፣ መልሱ። ሲጣመም ማስተካከል ካቃታችሁ ወደ ፊት ሄዳችሁ ቀጥ አድርጉት። ጋሪ ወደ ኋላ የገፋ ልጅ ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ከፍታችሁን በወረቀት ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። ብዙ ፊፍዝ ዊሎች ወደ 4 ሜትር ይጠጋሉ ወይም ያልፋሉ። ከአነስተኛው ሞተርሆም ለሚመጣ ሰው አንድ ሜትር ያህል መጨመሩ ነው። የነዳጅ ማደያ ጣሪያ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ዝቅተኛ ድልድይ፣ እስካሁን የማታዩት ነገር ሁሉ አሁን ይታያችሁ።

ፍሬኑን ደረቅና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አስተካክሉ። በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ያዙ። ጎማው ከተንሸራተተ ኃይሉን ቀንሱ። ምንም ካልተሰማችሁ ጨምሩ። ተሳቢው ፒካፑን ከኋላ ጠበቅ አድርጎ ሲጎትተው ደህና ነው። ቤቱ ሲሞላና ሲጎድል እንደገና አስተካክሉት።

ቁልቁለት ደግሞ እኛ የምናውቀው ጉዳይ ነው። ከጅማ ስንነሳ ሰኮሩን አልፈን ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው፣ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ መኪና ምን እንደሚሸት ያውቃል። ዴንቨር ያላችሁ ልጆች የራሳችሁ ጊቤ አላችሁ። በአውራ ጎዳና 70 ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ ወደ ዴንቨር የሚወርደው መንገድ ቦታ ቦታ ላይ በ100 ሜትር ስድስት ሰባት ሜትር ይወርዳል። ሕጉ አንድ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት ቀንሱ፣ የመጎተቻ ሁነታውን አብሩ፣ ዝቅ ያለ ማርሽ ያዙ። የናፍጣ ፒካፕ የጭስ ፍሬን ካለው ይሥራበት። ፔዳሉን ረገጥ አድርጋችሁ ፍጥነቱን አውርዱና ልቀቁት፤ ሳትለቁ መያዝ ፍሬኑን ያግለዋል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ጡሩንባ ቢነፋ ይንፋ።

8. ሚዛን

ሒሳቡ በወረቀት ነበር። አሁን እውነቱን በሚዛን እዩ። በአሜሪካ ትልልቅ የጭነት መኪና ማረፊያዎች ላይ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ፤ ዋጋው ቀላል ነው። ቤቱን ለጉዞ እንደምትሞሉት ሞልታችሁ፣ ቤተሰቡን ይዛችሁ፣ ተያይዛችሁ ተመዘኑ። ከዚያ ቤቱን አንድ ቦታ ፈትታችሁ ፒካፑን ብቻውን አስመዝኑ። በሁለቱ ጊዜ የፒካፑ አክሶች ላይ የታየው ልዩነት የአፍንጫው ትክክለኛ ክብደት ነው። ከበሩ ወረቀትና ከኋላ አክሱ አቅም ጋር አስተያዩት። ካለፈ ከባድ ዕቃ ከፊት መጋዘን ወደ ኋላ አዛውሩ፤ ሁሉንም ግን ወደ ኋላ አትግፉ፣ አፍንጫው በጣም ከቀለለ ቤቱ መንገድ ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ከቤቱ ዕቃ ማውረድ ነው። የብረት ድስት ስድስት ያስፈልጋል ወይ?

9. መፍታትና ማቆም

በመጀመሪያ ግራና ቀኙን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ዝቅ ባለው በኩል ጣውላ አስገብታችሁ ጎማውን አውጡበት። ይህ ከመፈታቱ በፊት ነው የሚሆነው፤ ከተፈታ በኋላ የፊትና የኋላውን ብቻ ነው በእግሮቹ የምታስተካክሉት። ከዚያ ታኮ። ስፖንዳ ማውረድ። የፊት እግሮቹ ክብደቱን ትንሽ እስኪቀበሉ ማውረድ። የመብራት ገመዱን መንቀል፣ ቀጭኑን የብረት ገመድ ከፒካፑ መፍታት። እጀታው ከጠነከረ አትታገሉት፤ ፒካፑን በጣም ጥቂት ወደ ኋላ ገፋ አድርጉት፣ ይላላል። እጀታውን ከፍታችሁ በዝግታ ወደ ፊት ውጡ።

ስፖንዳው ተዘግቶ ከወጣችሁ የኪንግፒኑ ብረት ይዞት ይሄዳል። የተቀጠቀጠ የኋላ ስፖንዳ ያለው ፒካፕ ካያችሁ ምክንያቱን አትጠይቁ።

10. ጅማ ቢመጣስ?

አንዳንዱ ደግሞ «ለቡና ወቅት አጋሮ በኩል ማሳው ዳር ላቁመው፣ ከአሜሪካ ላምጣው?» ይላል። ከመወሰን በፊት ሦስት ነገር ይቆጠር። የመጀመሪያው ጎታቹ ነው። እዚህ የለመድናት ሃይሉክስ የመሸከም አቅሟ በቶን አካባቢ ነው። ከላይ ያሰላነው አፍንጫ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል፤ ሹፌሩ እንኳን ገና አልገባም። ስለዚህ በትክክል የተገጠመለት የጭነት መኪና ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ስፋቱ እስከ 2.6 ሜትር፣ ከፍታው ወደ 4 ሜትር የሆነ ቤት የሰፈር መብራት ገመድ ሥር ሲያልፍ ረዳቱ ወርዶ ገመዱን በደረቅ እንጨት ያንሳ ማለት አይደለም፤ መንገዱ ቀድሞ በእግር ይታይ፣ ገመዱ ዝቅ ካለ ሌላ መንገድ ይፈለግ።

ሦስተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። የአሜሪካ ቤት በ120 ቮልትና በ60 ሄርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ማቀዝቀዣውም ማይክሮዌቩም ይቃጠላሉ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል፣ ሄርዙን ግን አይቀይረውም፤ ሞተር ያላቸው ዕቃዎች ይግላሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑና የውስጥ ማራገቢያው ግን በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠሩ አያሳስቡም። ለማሳ ዳር ኑሮ ከሆነ ባትሪውን በሶላር ሙሉት፣ ምግብ በጋዝ አብስሉ፣ ምጣዱን ከጅማ ገበያ ባለ 220 ቮልት ገዝታችሁ የራሱን መስመር ከውጭ አስገቡለት።